«ወንድሜ ቪዲዮዬን አየብኝ»

የአንባቢያችን ደብዳቤ

«ሰላም እትዬ። 23 ዓመቴ ነው። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ፣ መድኃኒት ቤት የምሠራ ልጅ ነኝ። ሃይስኩል እያለሁ ጂምናስቲክ ነፍሴ ነበር። አሁን ከሥራ በኋላ ሰርከስ የሚለማመዱ ልጆች ካሉበት አዳራሽ እየሄድኩ ፖል ዳንስ እለማመዳለሁ። አስተማሪ የለኝም፤ የምማረው ከቪዲዮ ነው። ልጆቹ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተሸካሚ ብረት ድረስ ያቆሙት ቧንቧ አለ። መውጣትና መሽከርከር ችያለሁ። በቅርቡ ተገልብጬ በእግሬ ልንጠለጠል ስል ሾልኬ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ ማታ ማታ ያመኛል፤ እጄን ወደ ላይ ሳነሣም ይወጋኛል።

ትልቁ ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ስልኬ ላይ ቪዲዮዬን አይቶ ‹ይሄ የናይት ክለብ ሴቶች ሥራ ነው፤ ለእማዬ እነግራታለሁ› አለኝ። እኔ እኮ ረጅም ታይትና እጅጌ ሙሉ ሹራብ ለብሼ ነው የምሠራው! እማዬ ሰጋጅ ናት፤ የጎረቤት ወሬም ያስጨንቃታል። ስፖርት ነው እላለሁ፤ ግን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ስፖርት ነው ወይስ ጥበብ? ልተወው? ወይስ ክፍሌ ውስጥ ቧንቧ አስተክዬ ተደብቄ ልሥራ?

ሰ.፣ ከፈረንጅ አራዳ»

መልስ

ውድ ሰ.፣

ከትከሻሽ ልጀምር። አንቺ በሁለት መስመር አልፈሽዋል፤ እኔን ግን ከወንድምሽ ዛቻ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ማታ የሚያምም፣ እጅ ሲነሣ የሚወጋ ትከሻ ላይ ክብደት አይንጠለጠልበትም። ስለዚህ ለጊዜው ፖሉን ተዪው። እግርሽንና ሆድሽን ማጠንከር ትችያለሽ፤ መንጠልጠል ግን አይቻልም። ወጌሻ ጋ ሄደሽም አታሳሺው። እጅሽ አቅም ካነሰው፣ ከደነዘዘ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ ሐኪም ይየው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም እንዲያይሽ ጠይቂ። መድኃኒት ቤት ስለምትሠሪ ማስታገሻ እጅሽ ላይ ነው። እሱን ውጠሽ ልምምድ እንዳትገቢ አደራ እልሻለሁ። ሕመሙ ይደበቃል እንጂ ጉዳቱ አይቆምም።

አሁን ለምን እንደወደቅሽ እንነጋገር። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታይቶኛል። ረጅም ታይት ለብሰሽ፣ ባዶ ብረት ላይ፣ በእግርሽ ልትንጠለጠዪ ሞከርሽ።

ቪዲዮ ላይ የምታዪያቸው ዳንሰኞች ቁምጣ የሚለብሱት ለመታየት ብቻ አይደለም። የተወለወለ ብረት ላይ የሚይዘው ቆዳ ነው። የጉልበት ጀርባ፣ ታፋ፣ ብብት፣ የወገብ ጎን፣ የክርን መታጠፊያ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ሁኔታው ብረቱን ይይዛሉ። እጅ ሲለቀቅ ሰውነትን የሚያስቀረው ይህ ነው። ጨርቅ ግን ብረት ላይ ይሾልካል። ስትወጪና ስትሽከረከሪ እጅሽ ይዞሽ ስለነበረ ታይቱ አልጎዳሽም። ተገልብጠሽ ክብደትሽን ለእግርሽ ስትሰጪ ነው ጉዱ የመጣው። አንቺ ለጨዋነት ብለሽ የለበስሽው ልብስ ነው የጣለሽ ማለት ነው። ይህን የሚነግርሽ ሰው አጠገብሽ አለመኖሩ ያናድደኛል።

ታዲያ ቁምጣ ልበሺ ማለቴ ነው? አይደለም። የምልሽ ልብሱና ፖሉ ይስማሙ ነው። የቻይና ፖል የሚባለው የሰርከስ ፖል ጎማ የለበሰ ነው። እሱ ላይ የሚወጡ አክሮባቶች ሙሉ ልብስና ጫማ ያደርጋሉ፤ ባዶ ቆዳ ጎማ ላይ ከተንሸራተተ ይላጣልና። ለዳንስም በሲሊኮን የተሸፈነ ፖል ይሠራል። እሱም ሰው ለብሶ እንዲሠራበት የታሰበ ነው። ሲሊኮኑን ጅማ ላይ ፈልጊ አልልሽም። ጎማ ግን ከየትም አይጠፋም። ልጆቹ የሰርከስ ልጆች ከሆኑ ብረቱን በብስክሌት ካላማዳሪ መጠቅለል አያቅታቸውም። ተስቦ፣ ተወጥሮ፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ተደርቦ፣ በማጣበቂያ ተይዞ። ስትጠመዝዢው ወይም ወደ ታች ስትጎትቺው ከተንቀሳቀሰ አትውጪበት።

ይህ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ጎማ ላይ መሽከርከር የለም ማለት ይቻላል። የምትወጂው ያ ክብ በረራ ይቀርብሻል። በምትኩ መውጣት፣ መያዝ፣ መገልበጥ፣ ከላይ እየወረዱ ድንገት መቆም ይመጣል። እሱ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። መሽከርከሩን ካልተውሽ ደግሞ ባዶው ብረት ይቆይልሽና እሱ ላይ እጅሽ ፖሉን የማይለቅበትን ብቻ ሥሪ። በልብስ፣ ባዶ ብረት ላይ፣ በእግር መንጠልጠል ግን ይቅር።

ስለ ቧንቧው ውፍረትም ልንገርሽ። በዓለም አቀፍ ውድድር የሚሠራበት ፖል 45 ሚሊ ሜትር ነው። ነጋዴው 1½ ኢንች ብሎ የሚሸጥልሽ የውሃ ቧንቧ በውጪ ሲለካ 48.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 1¼ ኢንች የሚባለው 42.4 ነው። ጎማ ሲለብስ ይወፍራልና እጅሽ ትንሽ ከሆነ ቀጭኑ ይሻልሻል። የቧንቧው ግድግዳ ግን ወፍራም ይሁን። ለአልጋና ለበር የሚሆነው ቀጭን ቱቦላሬ ሰው አይሸከምም።

ክፍልሽ ውስጥ የማስተከሉ ነገር፣ እምቢ እልሻለሁ። አብዛኛው የጅማ ቤት ከላይ ያለው ኮርኒስ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ እንጨትና ቆርቆሮ። ከወለልና ከጣሪያ መሃል ተወጥሮ የሚቆም ፖል ኮርኒስን አምኖ አይቆምም። ሰው ሲሽከረከር ጉልበቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ፖሉን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተደብቀሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ብቻሽን ተገልብጠሽ ብትወድቂ ማን ያነሣሻል?

አዳራሹ ውስጥ ስትመለሺ ከሥር ጀምሪ። ትከሻ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፤ ቪዲዮዎች እሱን አይናገሩም፣ ውበቱን ነው የሚያሳዩት። ስትንጠለጠዪ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ክብደትሽን የያዘው ጡንቻ ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው። ትከሻሽን ከጆሮሽ አርቀሽ፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ ስበሽ ያዢ። ከዚያ በኋላ ነው እግር ከመሬት የሚነሣው። የላይኛው እጅ ይጎትታል፤ የታችኛው ይገፋል። ሁለቱም ሥራ አላቸው። አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ከላይ የሚይዝበት አያያዝ ቪዲዮ ላይ ብዙ ታያለሽ። በዚህ ትከሻ እሱን ለረጅም ጊዜ እርሺው። ደግሞ ሁልጊዜ በቀኝሽ ብቻ አትሥሪ። የሚቀናሽ ጎን ሲደክም ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ጉዳትም እንደዚያ ይመጣል። በቀኝ የሠራሽውን በግራ ሥሪ፤ ግራው አስቀያሚ ቢሆንም።

መውጣት የእጅ ሥራ የሚመስለው ሰው ቶሎ ይደክመዋል። የአንዱ እግርሽ ቅልጥም ፖሉ ላይ ይረፍ፤ የእግርሽም ጀርባ ይቆልፈው። ሌላው እግር ከወዲያ በኩል በባቱ ይጫነው። ፖሉ በሁለቱ መሃል ከተጨመቀ በኋላ ከበርጩማ እንደመነሣት በእግርሽ ትነሻለሽ። እጅ ይከተላል። ይህን በትክክል ስትሠሪ ቅልጥምሽ ይበልዛል። ታፋሽም እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ይበልዛል፤ ቆዳውም እየለመደ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ከዚህ ጋር አይደመርም። እሱ ሲመጣ ይቆማል።

መገልበጥን በተመለከተ ጥብቅ ልሁንብሽ። ፖሉን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ ክርንሽ ታጥፎ፣ ጉልበቶችሽን ወደ ደረትሽ አምጥተሽ፣ ሳትወዛወዢ መቆየት ካልቻልሽ ጊዜው አልደረሰም። መሬቱን ገፍቶ ዘሎ መገልበጥ የለም። ዝላይ የሆድን ድክመት ይሸፍናል፤ ከዚያ ላይ ከደረስሽ በኋላ የሚይዝሽ የለም። ዳሌ በሆድ ጉልበት ነው ከትከሻ በላይ የሚወጣው፤ ቀስ ብሎ። አወጣጡን ሳታውቂ አትግቢ። ማለትም መጀመሪያ ከተገለበጠ ሰውነት ወደ መሬት ቀስ ብሎ መመለስን፣ ሰው ይዞሽ፣ ተማሪው። ከሥርሽ ወፍራም የጂምናስቲክ ፍራሽ ይኑር። የቤት ስፖንጅ ብቻውን ጭንቅላትና አንገት አያድንም።

የሚይዝሽ ሰው ማን እንደሚሆንም አስቢበት። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወንዶች ከሆኑ፣ ወገብሽን ይዞ የሚደግፍሽ ወንድ መሆኑ አንቺን ባያሳስብሽ እናትሽን ያሳስባቸዋል። እውነቱን ለመናገር ትክክል ናቸው፤ ማን እንደሚነካሽ የመምረጥ መብቱ የአንቺ ነው። ሁለት ልጃገረዶች አብረውሽ ይጀምሩ። መደገፍ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሰርከስ ልጆች ያውቁታልና ያስተምሯቸው።

ሌላው የእጅ ላብ ነው። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ብረትም እጅም ያዳልጣል። ከመውጣትሽ በፊት ፖሉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ልጆቹ ለእጃቸው የሚጠቀሙበት የማግኒዥየም ዱቄት ካለ ትንሽ ውሰጂ። በልምምድ ቀን ቫዝሊንም ሎሽንም እጅና እግርሽን አይንካው፤ ጠዋት የተቀባሽው ማታ ይጥልሻል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ።

ወንድምሽ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ፖል ዳንስ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያደገው በሰሜን አሜሪካ የምሽት ክለቦች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደ ካናዳዊቷ ፎኒያ ሞንዴይ ያሉ ሰዎች ክለብ የማይረግጡ ሴቶችን ማስተማር ጀመሩ። ወደ ጂምና ወደ ስቱዲዮ የገባው በዚህ መንገድ ነው። አንቺ የምትሠሪው መሽከርከር፣ ያ ገና የምትማሪው መገልበጥ፣ በእነዚያ ክለብ ውስጥ በሚሠሩ ሴቶች ሰውነት ላይ ተፈትኖ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ለመሸሽ ወደ ሕንድ ይሄዳል። ሕንድ ውስጥ ማላካምብ የሚባል በቆመ እንጨት ላይ የሚሠራ ስፖርት አለ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ሳይቀር ተጠቅሷል። የትግል ስፖርተኞች ሰውነት ማጠንከሪያ ነበር። እንጨቱን የጉሎ ዘይት ይቀቡታል። ድንቅ ነገር ነው፤ ብታዪው ትወጂዋለሽ። ግን ማላካምብ ሌላ፣ ፖል ዳንስ ሌላ ነው። የአንዱን የዘር ሐረግ ለሌላው አናውሰው። ወንድምሽ አንድ ቀን ቢያጣራ ደግሞ አንቺን ውሸታም ያደርግሻል።

ይህን ሁሉ የምልሽ አንድ መልስ ከአፍሽ እንዳይወጣ ስለምፈልግ ነው። «እኔ እንደነዚያ ሴቶች አይደለሁም» እንዳትዪው። ቀላል መልስ ነው፤ ምናልባትም ያረካዋል። ግን ሙያውን የሰጡሽን ሰዎች ረግጠሽ የምታገኚው ክብር ነው። ደግሞ አይቆይም። ነገ ሌላ ሰው አንቺን በዚያው ቃል ይገፋሻል። እንዲህ በዪው፦ «አዎ ጋሼ፣ ከክለብ የወጣ ነገር ነው። እኔ ክለብ አልሠራም። እኔ የምሠራውን መጥተህ ማየት ትችላለህ።» ከዚያ ዝም በዪ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ደራርቱም በቁምጣ ነው የሮጠችው» ብለሽ ተከራከሪ ይልሻል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ የኮራነው ኩራት ዛሬም አለ። ይህ ክርክር ግን እናትሽ ፊት አያስኬድሽም። ሩጫ እንዲህ ያለ ስም ወጥቶለት አያውቅም። እናትሽም ልዩነቱን ያውቁታል፤ አላዋቂ አድርገሽ ካወራሻቸው ጆሯቸውን ይዘጋሉ።

እናትሽ ጋ የሚያስገባሽ በር ሰርከስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ሰርከስ ኢትዮጵያ ከተቋቋመ በኋላ በሌሎች ከተሞችም ቡድኖች ተፈጠሩ፤ አንዱ ሰርከስ ጅማ ነበር። የዛሬ እናቶች ያኔ ወጣቶች ነበሩ። ስለ ፖል አንድም ቃል ሳትተነፍሺ መጀመሪያ ይህን ጠይቂያቸው፤ አይተው ያውቁ እንደሆነ፣ ምን ትዝ እንደሚላቸው። ካላዩም ስለ ሰርከስ ያላቸውን ስሜት ታውቂያለሽ። ከዚያ «ሰርከስ ከሚሠሩ ልጆች ጋር እየተለማመድኩ ነው፤ ብረት ላይ መውጣት ነው፤ ለብሼ ነው፤ ወድቄም ትከሻዬን ታምሜያለሁ» በያቸው። መውደቅሽን አትደብቂ። ፖል ዳንስ እንደሚባልም፣ ወንድምሽ ምን እንዳለም ንገሪያቸው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት። ወንድምሽ ሳይቀድምሽ፣ በዚህ ሳምንት።

ላይወዱት ይችላሉ። «ተይው» ቢሉሽ ያን ቀን አትከራከሪ። የከለከሉት ምኑን እንደሆነ ግን ለይተሽ ጠይቂ። ልብሱን ነው? ወንዶቹን ነው? መውደቁን ነው? ለሦስቱም መልስ አለ፤ ከላይ ጽፌልሻለሁ። ስሙን ብቻ ከሆነ የጠሉት፣ ያ ጊዜ ይፈልጋል፤ 23 ዓመት የሞላት ሠራተኛ ልጅ ነሽና የመጨረሻው ውሳኔ ያንቺ ነው።

ስፖርት ነው ወይስ ጥበብ ላልሽው፣ እንደ ስፖርት የሚመራ አካል አለው። ዓለም አቀፉ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በ2012 ለንደን ላይ አካሄደ። በውድድሩ ሁለት ፖል አለ፤ አንዱ የማይንቀሳቀስ፣ አንዱ የሚሽከረከር። ዳኞች የግዴታ እንቅስቃሴዎችን ቆጥረው፣ የእግር መስመርን አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ወንዶችም ልጆችም ይወዳደራሉ። ልብስ ማውለቅ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፌዴሬሽኑ ከዓለም አቀፍ ስፖርት ማኅበራት ጥምረት የታዛቢነት ደረጃ አግኝቶ ነበር። የኦሊምፒክ ስፖርት ግን አይደለም።

እኔ የማምነውን ከጠየቅሽኝ ግን ጥበብ ነው። «ስፖርት ነው» የሚለው ቃል እንደ ጋሻ ስለሚያገለግል ብዙ ሴቶች ይይዙታል፤ አልፈርድባቸውም። ግን በመገልበጥና በመውረድ መሃል ያለው ነገር፣ ሰውነት ሙዚቃውን ጠብቆ የሚዘገይበት፣ እጅ ሳይቸኩል የሚለቅበት፣ በነጥብ ተቆጥሮ አያልቅም። ትከሻ ብቻውን ታሪክ የሚናገርበት እስክስታ ያለን ሰዎች ነን፤ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሲሻልሽ የሰርከሱን አወጣጥ ከሚያውቁ ልጆች ተማሪ፤ ዳንሱን ካንቺ አምጪው። ጅማ ውስጥ በሙሉ ልብስ፣ ጎማ በለበሰ ብረት ላይ፣ በአገር ሙዚቃ የምትሠሪው ነገር እኔን በጣም ያጓጓኛል።

ስለ ቪዲዮው አንድ ነገር ይቀረኛል። ፈርተሽ እንዳታጠፊው። ስልኩን ከጎን አቁመሽ ስትቀረጪ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ የሚወጣበትን ቅጽበት ራስሽ ታዪዋለሽ። አስተማሪ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አራሚ የለም። ስልክሽ ላይ ግን የይለፍ ቁጥር አድርጊበት፤ ወንድምሽንም «ስልኬን ሳትጠይቀኝ አትክፈት» በዪው።